ለሳይንስ ልቦለድ ፊልማችሁ ጎራዴና ጥሩር፦ የትኛው ምክንያት ያዋጣል?

ከኮከብ ኮከብ የሚያሻግር መርከብ የሠራ ሕዝብ ከመርከቡ ወርዶ በጎራዴ ሲሞሻለቅ እናያለን። በአንዳንዱ ፊልም ይህን አይተን ትንፋሻችንን ውጠን እንከታተላለን። በሌላው ደግሞ ገና ሰይፉ ሲመዘዝ አጠገባችን የተቀመጠው ሰው «ሽጉጥ የላቸውም እንዴ?» ይላል። ሁለቱን ፊልሞች የሚለያያቸው ጸሐፊው ጠመንጃውን ዝም ያሰኘበት ምክንያት ነው።

ይህን የምጽፈው አጭር ፊልም፣ ተከታታይ ድራማ ወይም ልብ ወለድ እያዘጋጃችሁ ወደፊት በሚመጣ ዘመን ላይ ጎራዴና ጥሩር ማስገባት ለምትፈልጉ ነው። ፍላጎቱ ይገባኛል። ጥይት ሁለቱን ባላንጣዎች ያራርቃቸዋል፤ ጎራዴ ግን ፊት ለፊት ያቆማቸዋል፣ እያወሩ ይዋጋሉ፣ ላባቸው ይታያል። ችግሩ ምክንያቱ ብዙ ዓይነት መሆኑና አብዛኛው ጸሐፊ ሳይመዝን የመጀመሪያውን ማንሳቱ ነው። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

## በምን እንመዝናቸው?

አምስት ጥያቄ አለኝ። የመጀመሪያው ካልተመለሰ የቀሩትን መጠየቅ አያስፈልግም፦ ጠመንጃው ለምን አይተኮስም?

ሁለተኛው ርቀት ነው። ተዋጊዎቹ እንዴት ተቀራረቡ? በ1983 ዴኒስ ቱለር የተባለ የሶልት ሌክ ሲቲ የፖሊስ አሰልጣኝ ጩቤ የያዘ ሰው 21 ጫማ፣ ማለትም 6.4 ሜትር ያህል፣ ሮጦ ለመድረስ 1.5 ሰከንድ ገደማ እንደሚበቃው አሳየ። የሠለጠነ ፖሊስ ሽጉጡን ከወገቡ መዝዞ ለመተኮስ የሚወስድበት ጊዜም ያንኑ ያህል ነው። ስለዚህ ጠባብ ኮሪደር፣ የአሳንሰር በር፣ ጨለማ መጋዘን ውስጥ ስለት ዛሬም ከሽጉጥ ጋር ይፎካከራል። 50 ሜትር ሜዳ ላይ ግን ጎራዴ መዞ የሚሮጥ ጀግና ጥሩ ምክንያት ያስፈልገዋል።

ሦስተኛው፣ ስለቱ ጥሩሩን ያልፈዋል ወይ? እዚህ ላይ ቆም እንበል፤ ብዙ ፊልም የሚወድቀው እዚህ ነው። የ9 ሚሊ ሜትር ሽጉጥ ጥይት 500 ጁል ያህል ጉልበት ይዞ ይወጣል። የክላሽንኮቭ ጥይት 2000 ጁል ያህል አለው። ጠንካራ ሰው በአንድ እጁ የሰነዘረው ጎራዴ ግን 100 ጁል አካባቢ ነው። የጠመንጃ ጥይት የሚያቆም ጠንካራ ደረት ለብሶ የቆመን ወታደር ጀግናው በአንድ ምት ከትከሻው እስከ ወገቡ ሲሰነጥቀው የሚያሳይ ትዕይንት ራሱን በራሱ ያፈርሳል።

በመካከለኛው ዘመን አውሮፓ ከራስ እስከ እግሩ ብረት የለበሰን ባላባት የሚገጥም ሰው ይህን ጠንቅቆ ያውቅ ነበር። ብረቱን አይቆርጥም። በግራ እጁ የራሱን ሰይፍ ስለት መሐል ላይ ይጨብጥና እንደ አጭር ጦር አድርጎ ጫፉን በብብት፣ በብሽሽት፣ በራስ ቁሩ የዓይን ቀዳዳ ይሰድዳል። ወይም ሰይፉን ገልብጦ በእጀታው እንደ መዶሻ ይቀጠቅጣል። የ15ኛው ክፍለ ዘመን የጀርመንና የጣሊያን የውጊያ መማሪያዎች ይህን በሥዕል አስቀምጠውታል። ይህ ለካሜራ ወርቅ ነው! ሁለት ሰዎች ተያይዘው፣ እየተፋተጉ፣ አንዷን ቀዳዳ ሲፈልጉ።

በተቃራኒው ደግሞ ለስላሳው የጥይት መከላከያ አለ። ኬቭላር በ1965 በዱፖንት ኩባንያ ስቴፋኒ ክዎሌክ በተባለች ኬሚስት የተገኘ ክር ነው። ሽመናው ደንዙን ጥይት እንደ መረብ ይዞ ጉልበቱን ይበትነዋል። ሹል የጩቤ ጫፍ ግን በክሮቹ መሐል ሾልኮ ወይም ቆርጧቸው ሊያልፍ ይችላል። ለዚህ ነው የጩቤ መከላከያ ሰደርያ ለብቻው የሚሠራው። ጥይት ያቆመ ልብስ ለጩቤ ሲሸነፍ ብታሳዩ እውነት ነው፤ ብቻ መቁረጡን ትታችሁ መውጋቱን አሳዩን።

አራተኛው መመዘኛ ሕጉ እስከ መጨረሻው ይጸናል ወይ የሚለው ነው። በ10ኛው ደቂቃ ጥይት ያልበሳው ጥሩር በ80ኛው ደቂቃ በቀስት ከተበሳ ተመልካቹ ከዚያ በኋላ ለማንም አይሰጋም። አምስተኛው ገንዘብ ነው፤ እሱን በየምርጫው አነሳዋለሁ።

## ጠመንጃውን ዝም የሚያሰኙ አምስት ምክንያቶች

የኃይል ጋሻ። የዚህ መንገድ ዋና ምሳሌ በ1965 የታተመው የፍራንክ ኸርበርት «ዱን» ነው። በዚያ ዓለም ሰው የሚለብሰው ጋሻ ፈጣኑን ነገር ያቆማል፣ ቀርፋፋውን ያሳልፋል። ጥይት ይመለሳል፤ እየቀዘቀዘ የሚገባ ጩቤ ግን ያልፋል። «በጨረር ቢመቱትስ?» ለሚል ሰው መልሱ ተዘጋጅቷል፦ ጨረርና ጋሻ ከተገናኙ ተኳሹንም ተመቺውንም የሚያጠፋ ፍንዳታ ይፈጠራል። አንድ የፈጠራ ሕግ ብቻ ነው የተጠየቅነው፤ ከዚያ በኋላ ሁሉም ነገር ከሕጉ ይወለዳል። የውጊያው ስልት ሳይቀር፦ እጅ በፍጥነት ይሰነዘርና መጨረሻው ስንዝር ላይ ይቀዘቅዛል።

የዚህ ምክንያት ትልቁ ሀብት መከላከያው የስለቱን ቅርጽ መወሰኑ ነው። እኛ ይህን ከሾተል እናውቃለን። እንደ ማጭድ የተጠማዘዘው ስለት ከባላንጣ ጋሻ ጀርባ ዞሮ እንዲደርስ ያስችላል። እንግዲህ የናንተ ዓለም የኃይል ጋሻ ካለው ጎራዴያችሁ ምን ይመስላል? ቀርፋፋ ግፊት ብቻ የሚያልፍ ከሆነ ረጅም መቁረጫ ጎራዴ ትርጉም የለውም። አጭር፣ ጠንካራ፣ ጫፈ ሹል ጩቤ ነው የሚያስፈልገው። ጋሻ ለብሶ ረጅም ጎራዴ የሚያወናጭፍ ገጸ ባሕርይ ደራሲው የራሱን ሕግ እንዳልተከተለ ያሳብቃል።

ቀዳዳው ጋዝ፣ ውሃ፣ መረብ ነው። ቀርፋፋ ነገር ሁሉ ካለፈ ማነቂያ ጭስም ያልፋል። ይህን አስቀድማችሁ መልሱት ወይም በታሪኩ ተጠቀሙበት። ወጪው ከሚገመተው ያነሰ ነው፤ በ2021 የወጣው የ«ዱን» ፊልም ጋሻው ሲመክት ሰማያዊ፣ ሲበሳ ቀይ እንዲሆን በማድረግ ተመልካቹ በአንድ ምት ሕጉን እንዲረዳ አድርጓል። የቀለም ለውጥና ጥሩ ድምፅ ይበቃል።

የብርሃን ሰይፍ። ከ1977 ጀምሮ በ«ስታር ዋርስ» ፊልሞች ዓለም ሁሉ የሚያውቀው ነው። በፊዚክስ ሲመዘን ደካማ ነው። ብርሃን አንድ ሜትር ሄዶ አይቆምም፤ ሁለት ጨረሮችም ሲጋጩ ይተላለፋሉ እንጂ አይንቃቁም። በመግነጢስ የታሰረ ፕላዝማ ነው ቢባል ደግሞ እጅን የሚያቃጥል ሙቀት ይለቃል። ጥይት ይመልሳል የሚለውም ቢሆን አንድ ክላሽንኮቭ በሰከንድ 10 ጥይት ይተፋል፤ ከሁለት አቅጣጫ ሁለት ሰው ቢተኩስ ማን ይመክታል? ታሪኩ ይህን የሚያመልጠው ባለ ሰይፎቹ የሚመጣውን አስቀድመው የሚያውቁ የመንፈስ ሰዎች በመሆናቸው ነው። ስለዚህ ይህ ምክንያት የሚሠራው ተረትነቱን በግልጽ ለሚቀበል ታሪክ ነው፤ ለዚያ ዓይነት ታሪክ ያለ ሐፍረት ተጠቀሙበት። «እውነተኛ ሳይንስ» ለሚል ፊልም ግን አልመክረውም። ተመልካቹ ከማን እንደተወሰደ በአንድ ሰከንድ ውስጥ ያውቃል።

የመርከቡ ግድግዳ ይበሳል። በጽሑፎች ውስጥ ደጋግሞ የሚመጣው ይህ ነው፦ «በመርከብ ውስጥ ከተኮስን አየሩ ያልቃል፣ ስለዚህ በጎራዴ እንዋጋ።» እስቲ እናስላው። 100 ሜትር ኩብ ስፋት ያለው ክፍል ውስጥ የ9 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ቢከፈት ግፊቱ ከባሕር ጠለል ደረጃ ወርዶ አዲስ አበባ ላይ በየቀኑ የምንተነፍሰው ግፊት ላይ ለመድረስ ከግማሽ ሰዓት በላይ ይፈጅበታል። ማንም ተጠራርጎ አይወጣም፤ ከግድግዳው መጣበቂያ ያለው ሰው ቀስ ብሎ ሄዶ ይደፍነዋል። በ2018 ከዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ጋር ተያይዛ የነበረች አንዲት የሶዩዝ መንኮራኩር ላይ 2 ሚሊ ሜትር ያህል ቀዳዳ ተገኝቶ ሠራተኞቹ በኢፖክሲ ሙጫ ደፍነውታል።

ይህን ምክንያት ማዳን ከፈለጋችሁ ከአየሩ ውጡና ከግድግዳው ጀርባ ያለውን ነገር አስቡ። የኦክስጅን ታንክ፣ የማቀዝቀዣ ቱቦ፣ የመቆጣጠሪያ ሽቦ። መርከቧን ለመዝረፍ የመጣ ወንበዴ መርከቧን መስበር አይፈልግም። ይህ ያሳምናል።

ስበት ከሌለ ግን ጎራዴው ራሱ ችግር ይሆናል። መሬት ላይ የሚቆርጠው ክንድ ብቻ አይደለም፤ መሬትን የረገጠው እግር ነው። ተንሳፋፊ ሰው ጎራዴ ሲያወናጭፍ ገላው በተቃራኒው ይዞራል፣ ሲወጋ ወደ ኋላ ይንሸራተታል። የ9 ሚሊ ሜትር ጥይት መተኮስ 80 ኪሎ የሚመዝንን ሰው ወደ ኋላ የሚገፋው በሰከንድ 4 ሴንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ስለሆነ በዚያ ቦታ ከጎራዴ ይልቅ ሽጉጥ ይመቻል። በተንሳፋፊ ውጊያ ላይ የሚታመነው አንድ እጅ ባላንጣን አንቆ በሌላው አጭር ጩቤ መጠቀም ነው። ስለት ወደ ጠፈር መሄዱ ራሱ እንግዳ ነገር አይደለም፦ የሶቪየት ኮስሞናውቶች ከ1986 ጀምሮ ባለ ሦስት አፈሙዝ ቲፒ-82 የተባለ ሽጉጥ ይዘው ይጓዙ ነበር፤ ተነቃዩ ሰደፉ ገጀራ ነበር። ምክንያቱ በ1965 አሌክሲ ሊዮኖቭና ባልደረባው ሲመለሱ ካሰቡት ቦታ ርቀው አውሬ ያለበት ደን ውስጥ ማረፋቸው ነው።

ሕግ ወይም ባህል ይከለክላል። ለእኔ ከአምስቱ ብርቱው ይህ ነው፤ ምክንያቱም በእኛው ዘመን ሆኗል። ሰኔ 15 ቀን 2020 በሂማላያ ተራሮች፣ በጋልዋን ሸለቆ፣ የሁለት የኑክሌር ኃያላን ወታደሮች ተገናኙ። ሕንድና ቻይና በ1996 በፈረሙት ስምምነት በድንበሩ መስመር 2 ኪሎ ሜትር ውስጥ መተኮስ ክልክል ነበር። ስለዚህ በዱላ፣ በብረት ዘንግና በድንጋይ ተዋጉ። 20 የሕንድ ወታደሮች ሞቱ፤ ቻይናም የ4 ወታደሮቿን ሞት አምናለች። ሳተላይትና ሚሳኤል ያላቸው ሁለት አገሮች በሌሊት በድንጋይ ተገዳደሉ፤ ይህን አንድ ጸሐፊ ፈልስፎት ቢሆን «አይታመንም» ብለን እንመልስለት ነበር።

ባህልም እንዲሁ ነው። በጀርመን፣ በኦስትሪያና በስዊዘርላንድ አንዳንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ማኅበራት ዛሬም ዓይንና አንገታቸውን ሸፍነው በሹል ስለት ይጋጠማሉ፤ ፊት ላይ የሚቀረው ጠባሳ ለረጅም ጊዜ የክብር ምልክት ነበር። ሽጉጥ ስለሌላቸው አይደለም።

የዚህ ምክንያት ኃይሉ ድራማ ማፍለቁ ነው። ሕግ ካለ የሚጥሰው ሰው ይኖራል። ሁለቱ ጎራዴ መዘው ሲፋጠጡ ተመልካቹ ከካፖርቱ ስር ያለውን ሽጉጥ ይፈራል። ምንም ዓይነት የኮምፒውተር ምስል አይጠይቅም፤ ሁለት ተዋናይ፣ አንድ ክፍልና ላለመተኮስ የሚምሉት በሚገባ የተጻፈ መሐላ ይበቃል። ድክመቱ ሕጉን የሚያስከብር ኃይል ካላሳያችሁ ባዶ ወግ መምሰሉ ነው። ተኳሹን ምን ይጠብቀዋል? በአንድ ትዕይንት አሳዩን።

ጥይት ያለቀበት ዓለም። ሥልጣኔ ፈርሶ ሰው ወደ ስለት ተመለሰ የሚለው ነው። ግማሹ ያስኬዳል። የዘመኑን ጥይት ቀለህና መቀስቀሻ መሥራት ፋብሪካ ይፈልጋል፤ ጥቁር ባሩድ ግን ፖታሲየም ናይትሬት የተባለ ጨው፣ ከሰልና ድኝ ነው። በ1860ዎቹ ጋፋት ላይ የአፄ ቴዎድሮስ ባለ እጆች 7 ቶን ገደማ የሚመዝነውን ሴባስቶፖልን አቅልጠው ሠርተዋል። ስለዚህ ጠመንጃ ፈጽሞ የተረሳበት ዓለም አይታመንም። የሚታመነው አንድ ጊዜ ተኩሶ፣ ዳግም ለማጉረስ ጊዜ ሲያጣ ጎራዴ የሚመዝ ተዋጊ ነው። በ1896 ዓድዋ ላይ ጠመንጃ፣ ጦር፣ ጎራዴና ጋሻ በአንድ ሜዳ ላይ ነበሩ።

| ምክንያት | ጠመንጃውን ዝም ያሰኛል? | የሚስማማው ስለት | ዋና ቀዳዳው | የቀረጻ ወጪ |
|---|---|---|---|---|
| የኃይል ጋሻ | አዎ፣ ሙሉ በሙሉ | አጭር፣ ጫፈ ሹል | ጋዝ፣ መረብ፣ ውሃ | መካከለኛ |
| የብርሃን ሰይፍ | ለተመረጡ ሰዎች ብቻ | ራሱ | ብዙ ተኳሽ፣ ፊዚክስ | መካከለኛ |
| የመርከብ ግድግዳ | በከፊል | ጩቤ | ቀዳዳ ቶሎ አይገድልም | ስበት ካለ ዝቅተኛ፣ ከሌለ ከፍተኛ |
| ሕግና ባህል | ሕጉ እስካለ | ማንኛውም | የሚጥስ ሰው | ዝቅተኛ |
| ጥይት ያለቀበት | በከፊል | ጎራዴ ከነጠላ ጥይት ጠመንጃ ጋር | ባሩድ ቀላል ነው | ዝቅተኛ |

## ጥሩሩስ?

በመጀመሪያ አንድ የቆየ ስሕተት እናርም፦ የብረት ልብስ ለባሹን እንደ ሐውልት አያቆመውም። የ15ኛው ክፍለ ዘመን ሙሉ የጦር ሜዳ ጥሩር ከ20 እስከ 25 ኪሎ ይመዝን ነበር፤ የዛሬ እግረኛ ወታደር ብዙ ጊዜ ከዚያ በላይ ይሸከማል። የውጊያ ሰይፍም ቢሆን ከ1 እስከ 1.5 ኪሎ አካባቢ ነው፤ የከሰል ካውያ ይበልጠዋል። ዋጋው የሚከፈለው በትንፋሽ ነው። በ2011 የታተመ የሊድስ ዩኒቨርሲቲ ጥናት ጥሩር ለብሶ መራመድ የሚጠይቀው ጉልበት ሳይለብሱ ከመራመድ እጥፍ ያህል መሆኑን አሳየ፤ በእግር ላይ የታሰረ ብረት በእያንዳንዱ እርምጃ ይነሣልና፣ ደረቱም በጥልቀት ለመተንፈስ አይመችምና። ስለዚህ ጀግናችሁ ይሩጥ፣ ይዝለል፣ ግን ከሁለት ደቂቃ በኋላ ያለክልክ።

ጠንካራ ቅርፊት የለበሱ ወታደሮች በአንድ ተኩስ ሲወድቁ ተመልካች ይናደዳል፤ «ታዲያ ለምን ለበሱት?» መልስ ግን አለ። በ1915 የተሠሩት የእንግሊዝና የፈረንሳይ የብረት ቁሮች የጠመንጃ ጥይት በቀጥታ እንዲያቆሙ አልነበረም፤ ከላይ ከሚዘንበው የመድፍ ፍንጣሪ እንዲያድኑ ነው። ቅርፊታችሁ ፍንጣሪን፣ እሳትን ወይም አየር አልባነትን የሚከላከል ከሆነ በአንድ ትዕይንት ያንን ሲያደርግ አሳዩ። ከዚያ በኋላ በጥይት ቢበሳ ማንም አያማርርም። የዛሬው መንገድ፣ ለስላሳ ሰደርያ ከሴራሚክ ሰሌዳ ጋር፣ ለቅርብ ጊዜ ታሪክ ምርጡ ነው። ሴራሚኩ ጥይቱን ሲያቆም ራሱ ይሰነጠቃል፤ የተመታው ሰው ሰሌዳውን አውጥቶ ስንጥቁን በጣቱ ሲዳስስ ማሳየት ከ10 ደቂቃ ንግግር ይሻላል።

በሞተር የሚሠራው ልብስ ትልቅ ሕልም ነው፤ ጥያቄው የባትሪው ነው። ልብሱ 3 ኪሎ ዋት ቢወስድና 8 ሰዓት ቢሠራ 24 ኪሎ ዋት ሰዓት ይፈልጋል፤ በዛሬ የሊትየም ባትሪ ወደ 100 ኪሎ ክብደት ማለት ነው። የአሜሪካ ልዩ ኃይል ዕዝ በ2013 ታሎስ በሚል ስም የጀመረው ፕሮጀክት በ2019 ልብሱ ሳይወጣ ተዘጋ። በታሪካችሁ ከተጠቀማችሁበት ባትሪውን የሚያልቅ ነገር አድርጉት፤ ቀይ መብራት የበራበት ጥሩር ውስጥ ተቆልፎ የቀረ ሰውና ጩቤ የያዘ ቀጭን ልጅ ሲገናኙ ጎራዴው ምክንያቱን አገኘ ማለት ነው።

አንድ ቀረጻ ላይ ያየሁትን ልጨምር። ጥሩሩ ከወፍራም የወለል ስፖንጅ ተቆርጦ፣ በብርማ ቀለም ተቀብቶ፣ ከሩቅ ሲታይ እውነተኛ ብረት መስሎ ነበር። ተዋናዩ ጎራዴውን ከራሱ በላይ ሲያነሣ የትከሻው ቁራጭ አገጩን መታውና የራስ ቁሩ ዓይኑ ላይ ወረደ። ሁለተኛ ሞከረ፣ ያው። ከሰዓት በኋላ በምላጭ ትከሻውን ሦስት ቦታ ቆርጠን ከውስጥ በቆዳ ማሰሪያ አያያዝነው፤ ቁራጮቹ እንደ ዓሣ ቅርፊት አንዱ በሌላው ላይ መንሸራተት ጀመሩ፣ ክንዱም ወጣ። የድሮ አንጥረኞች ያደረጉት ይህንኑ ነው። ጥሩር ከመሥራታችሁ በፊት ተዋናዩ የሚሠራቸውን እንቅስቃሴዎች ዘርዝሩ።

## ለየትኛው ሥራ የትኛው?

ሁለት ተዋናይና አንድ ክፍል ብቻ ያላችሁ፣ ሕጉን ያዙ። ገንዘባችሁን ሁሉ መሐላው በሚፈጸምበት ትዕይንት ላይ አውሉት፣ ጥሩር አትሥሩ። ጥቂት የኮምፒውተር ሥራ የሚችል ጓደኛ ካላችሁ የኃይል ጋሻው ይሻላል፤ ስለቱን አጭር አድርጉ፣ የጋሻውን ሕግ በመጀመሪያው 5 ደቂቃ ውስጥ ያለ ንግግር አሳዩ።

ልብ ወለድ ለሚጽፍ ወጪ ስለማያሳስበው ስበት የሌለበትን መርከብ እመክራለሁ። በፊልም ውድ የሆነው ተንሳፋፊ የጨበጣ ውጊያ በወረቀት ላይ በነፃ ይገኛል፤ እስካሁንም በሚገባ የጻፈው ሰው ጥቂት ነው። ለተከታታይ ድራማ ደግሞ ነጠላ ጥይት ጠመንጃና ጎራዴ ያለበት የፈረሰ ዓለም ያዋጣል፤ ቦታው ደጋው ላይ ሞልቷል፣ አለባበሱም ከባድ አይደለም። ለልጆች የጀግንነት ተረት ከሆነ በብርሃን ሰይፍ አትፈሩ፣ ግን የራሳችሁን ሕግ ስጡት፦ ማን ይይዘዋል፣ መቼ ይጠፋል?

ከእነዚህ የትኛውንም መርጣችሁ ለአንድ ነገር ብቻ የሚበቃ ገንዘብ ቢኖራችሁ ለአሰልጣኝ ክፈሉት። በ1980ና በ1983 በወጡት የ«ስታር ዋርስ» ክፍሎች የዳርት ቬደርን ጥቁር ልብስ ለብሶ የተሞሻለቀው በ1952 ኦሎምፒክ የተወዳደረው የሻሞላ ስፖርተኛ ቦብ አንደርሰን ነበር፤ ፊቱ ሳይታይ እጁ ብቻ አሳምኖናል። ተዋናዮቻችሁ አንዱን ውጊያ መጀመሪያ በዱላ በዝግታ ይለማመዱት፤ ፍጥነቱን የሚጨምሩት ሁለቱም ዓይናቸውን ከባላንጣቸው ላይ ሳያነሱ ከጫፍ እስከ ጫፍ መጨረስ ሲችሉ ነው። የቀረጻው ሰይፍ ከአሉሚኒየም ይሠራ፣ ስለቱ ደንዝ ይሁን፣ ጫፉም እንደ ሳንቲም ጠርዝ ይድቦልቦል። በሰነዘራውና በፊት መካከል ሁልጊዜ አንድ ክንድ ይተው፤ ክፍተቱን ካሜራው ከጎን ሆኖ ይደብቀዋል።